ጋሽ ታደለ ዳቦ ቆሎ የመሰላቸው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ስትፈልጉ እንዳትደክሙ ገና ከመነሻው ልናገረው።

ስሜ ዳንኤል ነው። ነገሩ ሲደርስብኝ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሆላንድ አገር፣ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ፣ የቤቶቹ በር ሁሉ ወደ አንድ ረጅም ክፍት በረንዳ የሚወጣበት ሕንጻ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቴ መሠረት ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። እኔ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የማይዘጋ በር፣ አልነሣም ያለ አልጋ፤ ስሜ የሚጠራው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ማንም የማያውቀው ሥራ ነበረኝ። ርችት እሠራ ነበር።

ርችት ሰማይ ላይ ሲበተን የምታዩት እያንዳንዱ ባለ ቀለም ነጥብ ራሱን የቻለ ትንሽ እንክብል ነው። የሙያው ሰዎች ኮከብ ይሉታል። ዱቄቱ ተቀላቅሎ በማጣበቂያ ይረጥባል፣ እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ለቀናት ይደርቃል። ምን ከምን እንደሚቀላቀል እዚህ አልጽፍም፤ መንገድ ላይ አግኝታችሁ ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም። ያሳየኝ ዊም የሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እሱ ጡረታ ወጥቶ ወደ ደቡብ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ። ሁለት ዓመት ሠራሁ። በየዓመቱ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማለዳ ራቅ ያለ ሜዳ ሄጄ፣ ጥቂቱን ለኩሼ፣ አይቼ እመለሳለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለምን? ዳኛው ፊትም ተጠይቄያለሁ። ያኔ የመለስኩት ጥሩ መልስ አልነበረም። አሁን ሳስበው ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የሠራውን ስጠግን እውላለሁ፤ ያ ግን ከዱቄቱ ጀምሮ የኔ ነበር። አረንጓዴው በትክክል አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣልኝ የሚሰማኝን ደስታ ለመሠረት እንኳ አልነገርኳትም። ሕገ ወጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ አደገኛ መሆኑንም አውቃለሁ። ሁለቱንም ማወቄ አንድም ቀን አላስቆመኝም።

ዕቃዬን የማስቀምጠው ምድር ቤት፣ ለየቤቱ በተሰጠች ትንሽ የዕቃ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ግን ዝናቡ አላቆም አለና ክፍሏ ረጠበች። የቆረጥኳቸው ኮከቦች አልደርቅ አሉኝ። አዲስ ዓመቱ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ሦስት ትሪ ሙሉ ይዤ ወጣሁና የቤቱ ማሞቂያ ያለበት ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። ያ ቦታ ለብ ያለ ነው። በሩን ዘጋሁ፤ መጥረጊያና ባልዲ አስደገፍኩበት። በዚያች ሰዓት ራሴን እንደ ጥንቁቅ ሰው ነበር የምቆጥረው።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ቤታችን ውስጥ እንግዳ ነበር።

ጋሽ ታደለ የመሠረት አባት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ በሦስት ወር ቪዛ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ዳቦ ጋግረዋል። መጀመሪያ ተቀጥረው፣ ኋላ በራሳቸው ቤት። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ቢሆኑም እጃቸው ሥራ ካጣ ያማቸዋል። ከሱፐርማርኬት የምናመጣውን ዳቦ እየተጫኑ "ይሄ ዳቦ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው" ይሉና ይስቃሉ። እኔን በጣም ይወዱኛል። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ "ልጄ" ሲሉኝ ነገሩ ቀላል አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት መሠረት ለሥራ ወጣች፤ እኔም ወጣሁ። ጋሽ ታደለ ብቻቸውን ቀሩ።

ከረፋዱ አራት ተኩል ገደማ፣ የአንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቧንቧ እየፈታሁ ስልኬ ጠራ።

"ዳኒ፣ ሥራ አስፈታሁህ?" አሉ ጋሽ ታደለ።

"ኧረ የለም ጋሼ። ምነው፣ ደህና?"

"ደህና ነኝ። ዳቦ ቆሎህን አገኘሁት።"

"የምን ዳቦ ቆሎ?"

"ማሞቂያው ጋ የደበቅከውን ነዋ!" ሳቁ። "በረደኝና ማሞቂያውን ልነካካው ብዬ ከፍቼ ነው። መቼም ለበዓሉ ልታስደንቀን ነው። ግን ልጄ፣ ሊጡ ገና እርጥብ ነው እኮ። እንዲህ ታፍኖ ከዋለ ይሻግታል። እኔ እያለሁ ለምን ትቸገራለህ? ኦቭኑን ለኩሼዋለሁ።"

የቧንቧውን ውኃ ከፍቼ እንደነበር ረሳሁት። በኋላ ባልደረቦቼ እንደነገሩኝ የሴትየዋ ክፍል እስከ ምንጣፉ ድረስ በውኃ ተጥለቅልቆ ነበር።

"ጋሼ፣ አስገቡት እንዴ?"

"ኧረ ገና! ምድጃ ሳይግል ይገባል? ይግል እያልኩ እየጠበቅኩት ነው።"

"ጋሼ፣ ይስሙኝ። አሁኑኑ ያጥፉት። ዳቦ ቆሎ አይደለም።"

"ምን አልክ?"

"ዳቦ ቆሎ አይደለም! ያጥፉትና ከቤት ይውጡ!"

"ድምፅህ ይቆራረጣል። ስልኬም ቀይ እያሳየኝ ነው፣ ልትዘጋ ነው መሰለኝ። አታስብ፣ ስትመጣ ጠብሼ አቆይሃለሁ።"

ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም።

የኛ ኦቭን ለመጋል አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ከሻርሎይስ ቤቴ ለመድረስ በመኪናም ብሄድ ከግማሽ ሰዓት አላንስም። ሒሳቡ ቀላል ነበር። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ አንድ አንድ ሁለት፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ።

ግን ወዲያው አልደወልኩም።

ከስምንት ወር በፊት የሆላንድ ዜግነት አመልክቼ ነበር። መልሱ ሊመጣ ሳምንታት ነበር የቀሩት። በስደተኛ ወረቀት አገሬ መግባት አልችልም፤ ደሴ ያለችውን እናቴን ካየሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አመልካች በወንጀል ከተቀጣ ማመልከቻው ውድቅ እንደሚሆንና ለዓመታት እንደገና ማመልከት እንደማይችል ራሴ ፈርሜ አውቃለሁ። እና እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውኃው እግሬ ሥር እየፈሰሰ ምናልባት አንድ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። እውነቱን ልናገር ከተነሣሁ አይቀር፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የጋሽ ታደለን ሕይወት ብቻ አልነበረም የማስበው። ሌላ መንገድ እየፈለግኩ ነበር።

የጎረቤታችን የሜፍራው ሪያ፣ በኛ የወይዘሮ ሪያ፣ ቁጥር ትዝ አለኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ የፖስታ ጥቅል ስንጠብቅ የምትቀበልልን ሴት ናት። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችም።

ያኔ አንድ አንድ ሁለት ደወልኩ።

ስልኩን ያነሣችው ሴት ረጋ ብላ አድራሻዬን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

"ቤት ውስጥ ሰው አለ?"

"አንድ ሽማግሌ አሉ። ደችኛ አይሰሙም። ኦቭኑ በርቷል፤ ሊያስገቡት ነው።"

"ምኑን ነው የሚያስገቡት?"

"የርችት ኮከብ። ገና ያልደረቀ። ሦስት ትሪ።"

"ከሱቅ የተገዛ ርችት ነው?"

"አይደለም። እቤት የተሠራ ነው።"

"ማነው የሠራው ጌታዬ?"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ለአፍታ የኮምፒውተር ቁልፎች ሲመቱ ብቻ ተሰማኝ። ቀጥላ "ቡድን እየሄደ ነው። እርስዎ ወደ ሕንጻው አይቅረቡ" አለችኝ። እሺ አልኩና ወደ ሜትሮ ሮጥኩ።

ያን ጉዞ ብዙም አልተርክላችሁም። በርስ የሚባለው ጣቢያ ላይ ባቡር ስቀይር አንድ ሰው ገፍቼ ጣልኩ፤ ይቅርታ እንኳ አላልኩም። መሬት ውስጥ ስንሄድ ስልኬን ዓይኔ ላይ አስጠግቼ የማነበው ነገር የፈለግኩ ይመስለኛል፤ ምንም አልነበረም። ባቡሩ ከመሬት በላይ ሲወጣ በመስኮት በኩል በካፔለ አቅጣጫ ጭስ ፈለግኩ። ሰማዩ እንደ ሁልጊዜው ግራጫ ነበር፤ ከግራጫ ውስጥ ጭስ ለይቶ ማየት አይቻልም። ለመሠረት አልደወልኩም። "አባትሽን" ብዬ ጀምሬ ምን ብዬ እጨርሳለሁ?

ከጣቢያው ወጥቼ ጥጉን ስዞር ሕንጻው ቆሟል። መስኮቶቹም አልተሰበሩም። መንገዱ በቀይና ነጭ ሪባን ተዘግቷል። የሕንጻው ሰው ሁሉ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቆሟል፤ ሕፃን የታቀፈ፣ ድመት በሣጥን የያዘ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ የለበሰ። ሁሉም የወጡት በኔ ምክንያት ነው።

ጋሽ ታደለን አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ አገኘኋቸው። ፒጃማ ለብሰዋል፤ እግራቸው ላይ የመሠረት ሮዝ ነጠላ ጫማ አለ። አጠገባቸው ሜፍራው ሪያ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ተቀምጣለች።

ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"ዳኒ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ቤትህን አቃጠልኩብህ መሰለኝ።"

አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነውን የነገረችኝ ሪያ ናት። ስልኳን ያላነሣችው ገላዋን እየታጠበች ስለነበር ነው። ከዚያ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹ ጎረቤቶችን እየፈለጉ ሲደውሉ አግኝተዋታል። "ባትገቢ ይሻላል፣ በሩን አንኳኩተሽ ጥሪያቸው" አሏት። ሻወር ፎጣዋን በራሷ ላይ እንደጠመጠመች በራችንን በቡጢ ደበደበች።

"ከፈተልኝ" አለች፣ "ትሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ። የኦቭኑ በር ከኋላው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሙቀቱ እስከ በሩ ይመጣል። እየሳቀ ግቢ ግቢ አለኝ። ከትሪው ላይ እንዳነሣ ዘረጋልኝ! ትሪውን ተቀብዬ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና እጁን ጎተትኩት።"

የሰባ ዓመት ሴት ናት።

ጋሽ ታደለ የምንነጋገረው ስላልገባቸው ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ይመለከታሉ። ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ዳቦ ቆሎ አይደለም። ርችት ነው። ባሩድ በሉት። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ መሠረትም አታውቅም። ኦቭን ውስጥ ቢገባ ኖሮ…" አልጨረስኩትም።

አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አፋተጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣

"ክብሪት ክብሪት ብሎኝ ነበር እኮ" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ሽታው። አንዷን በጣቴ አፈረስኳት፤ አሸዋ አሸዋ አለችኝ። ሸተትኳት፤ ክብሪት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሊጥ ነክቻለሁ፤ ይሄ ሊጥ አይደለም አልኩ በልቤ።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ኦቭኑን ለኮሱ?"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር።

"ዳኒ የሠራው ነው ብዬ ነዋ። የፈረንጅ ቅመም ይሆናል፣ እሱ ቤቱ ውስጥ ክፉ ነገር አያስቀምጥም ብዬ።"

ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ ዳኛም ፈርዶብኛል። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የመታኝ ነገር ግን የለም። እኚህ ሰው አፍንጫቸው እውነቱን ነግሯቸው ነበር። ከአፍንጫቸው ይልቅ እኔን አመኑ።

ተነሥቼ ሪባኑ ጋ ወደቆመው ፖሊስ ሄድኩና "የምትፈልጉት ሰው እኔ ነኝ" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። እኔ ለምርመራ፣ ጋሽ ታደለ ለምስክርነት። መሠረት ከሥራዋ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መጥታ በአባቷና በእኔ መሐል ተቀምጣለች። ከመጣች ጀምሮ አባቷን አሥር ጊዜ ነካክታቸዋለች፤ እኔን አላየችኝም። ልዩ ልብስ የለበሱ ሰዎች ትሪዎቹን እንዳወጡና ሕንጻው ሰው እንደተመለሰበት ተነግሮን ነበር። አንደኛው መኮንን "ኦቭኑ ውስጥ ገብቶ ቢሆን የጎን ቤቶቹንም እናጣ ነበር" ብሎኝ አልፏል።

ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። በአማርኛ ስለነበር ፖሊሱ ፊት ድምፃቸውን መቀነስ አላስፈለጋቸውም።

"ስማ ዳኒ። የኔ ነው ልበላቸው።"

"ምን?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት ልበል። ቪዛዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ቢያባርሩኝ የምሄደው እቤቴ ነው። ሽማግሌ ምን ያደርጋሉ? አንተ ግን ወረቀትህ አለ። እናትህ አሉ።"

መሠረትን አየኋት። እሷ ወለሉን ታያለች። እሺ በልም፣ እንቢ በልም አላለችም።

አስቤበታለሁ። ለስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አስቤበታለሁ። አስተርጓሚው በስልክ ነው የሚቀርበው፤ ማንም አይጠረጥርም። ለአንድ አንድ ሁለት "እኔ ነኝ" ያልኩትን እንኳ "ደንግጬ ነው" ማለት ይቻላል። እናቴን ፊት ለፊቴ አየኋት።

የመርማሪው በር ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

"ጋሼ" አልኩ እየተነሣሁ፣ "ጠዋት ስላመኑኝ ሊሞቱ ነበር። ከሰዓት ደግሞ ስለ እኔ አይዋሹም።"

"እንግዲህ ግትር ነህ" አሉኝ ተናደው።

ገባሁና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። የተመደበልኝ ጠበቃ ሁለት ጊዜ ክንዴን ነካኝ፣ እንዳሳጥር። አላሳጠርኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፍርድ ቤት ያለ ክፍያ የምሠራው የማኅበረሰብ ሥራ ፈረደብኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወራት መናፈሻ ጠረግኩ። የዜግነት ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ። ቤቱን የሚያከራየን ድርጅት "አንድ ጊዜ ቢደገም ትወጣላችሁ" የሚል ደብዳቤ ላከ። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ራሴ ነገርኩት፤ አላባረረኝም፤ ለረጅም ጊዜ ግን የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ አልሰጠኝም። ሪያ ሦስት ወር ገደማ ሰላም አላለችኝም። ሕይወቷን አደጋ ላይ የጣልኩባት ሰው ነኝ፤ መብቷ ነው። አንድ ቀን የበረንዳዋ መብራት እንደማይሠራ ነገረችኝ፤ ሄጄ ሠራሁላት። አሁን ሰላም ትለኛለች።

መሠረት ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወሰደባት። "አባቴ የኔ ነው ልበል ሲል ዝም ያልኩት ለምን መሰለህ?" አለችኝ ከወራት በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፈች። "እሺ እንድትለው ፈልጌ ነበር። እሺ ብትል ኖሮ ደግሞ አብሬህ አልኖርም ነበር።" ሁለቱም እውነት እንደሆነ አምናታለሁ።

ጋሽ ታደለ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። የተቆጡት በርችቱ ሳይሆን ጣቢያው ላይ ሐሳባቸውን እንቢ ብዬ ስላሳፈርኳቸው ነው። በሦስተኛው ቀን ዱቄት ግዛልኝ አሉኝና ዳቦ ቆሎ እንዴት እንደሚሠራ አስተማሩኝ። ሳይቀልዱ፣ ሳይስቁ፣ ልክ እንደ ሥራ። እጄን እየመቱ "ወፍራም ቆረጥክ" ይሉኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ርችት አትሥሩ ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት፤ አብዛኞቻችሁ አትሠሩም። ግን ቤቱ የማያውቀው ነገር ያለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ብድር፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ሌላ ሴት። "ማንንም አልጎዳሁ፣ በሩን ዘግቼበታለሁ" ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያልገባኝ፣ አብረውን የሚኖሩ ሰዎች እኛን በማመን ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ ነው። የሚያምነን ሰው አደጋውን ቢሸተው እንኳ "እሱ ነው ያስቀመጠው" ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ የሚጠነቀቅለት ሰው ከኛ ሌላ የለውም።

ለእናቴ መንገር የሁሉም መጨረሻ ነበር። ሳምንታት አቆየሁት። አንድ እሑድ ደወልኩና ሳልሸፋፍን ነገርኳት፤ የሠራሁትን፣ የሆነውን፣ ዓመታት መጠበቅ እንዳለብኝ፣ ቶሎ እንደማልመጣ። እየነገርኳት አለቀስኩ።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

"በዚህ ነገር የሞተ ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም እማዬ።"

"አካሉ የጎደለስ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ምን ያስለቅስሃል?" አለች። "ጊዜ አለና።"